በክፉ ቀን የተዛመዱ

ከጣሊያን ጋር የተደረገው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ፣ በአምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሲፈረም አገሩ ተርቦ ነበር። ስለ ውሉ አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ብዙ ተጽፏል፤ በፊርማው ሰሞን ስለነበረው ሕዝብ ግን የምናነበው ጥቂት ነው። ከዓመት በፊት የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል፣ ለጣሊያን ጦር በመጡ ከብቶች ገብቶ ወደ ደጋው ወጥቷል። በሬው አለቀ። ዝናቡ ቀረ፣ የተዘራችውን ጥቂት አንበጣ በላት፤ ፈንጣጣና የኮሌራ ወረርሽኝ ተከተሉ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውን የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል፤ ያለ በሬ የሚታረስበት መንገድ ሌላ አልነበረምና። ከ1880 እስከ 1884 የዘለቀውን ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ክፉ ቀን ይለዋል። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚሉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

ሲሶው ሕዝብ ሲያልቅ የሚቀረው ሙሉ ቤተሰብ አይደለም። እናቷን የቀበረች ልጅ፣ ልጆቹን የቀበረ አባት፣ ባሏ ወጥቶ የቀረባት ሴት ናቸው የሚቀሩት። እነዚህ ሰዎች እንደገና ቤት ያቆሙት እርስ በርስ ተጠጋግተው ነው፤ ለዚህም ወሎ የቆየ ሥርዓት ነበረው። ልጅ ላሳድግ ያለ ሰው አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ሕፃኑን ያጠባዋል፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ሕፃኑ የጡት ልጅ ነው፣ ሰውየውም የጡት አባት። ከኦሮሞው ባህል የመጣው ጉዲፈቻም አለ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ስለሚጋባ በአንድ ቤት አያቱ ሐጂ፣ አጎቱ ቄስ ሆነው ይገኛሉ። በዚህ አገር ዝምድና በደም ብቻ ሳይሆን በቃልና በምርቃትም ይመጣል። ኋላ በመጡት የድርቅ ዘመናት ሰው ከእርዳታ ስንዴው እኩል የተረፈበት ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ታሪኩንም የምተርከው በዚህ በኩል ነው።

ቦታውን ላሳይ። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚሄደው አውራ ጎዳና ውርጌሳን፣ መርሳን፣ ሲሪንቃን እያለፈ ወልድያ ይደርሳል፤ ከዚያ በጎብዬና በሮቢት ቆቦ፣ ቀጥሎ አላማጣ፣ ከአላማጣ ዳገቱን ወጥቶ ኮረም። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ወልድያ በእነዚያ የድርቅ ዘመናት የየጁ አውራጃ ርእሰ ከተማ ነበረች፣ ዛሬ የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ። በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግድግዳ ይነሣል፤ በስተምሥራቅ ምድሩ እየወረደ ወደ አፋር ይሄዳል። የሀብሩ ገበሬ ዋና እህሉ ማሽላ ነው። ማሽላ ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ እህል ነውና በሚያዝያ፣ በበልጉ ዝናብ ይዘራል፤ ክረምቱን ሙሉ ቆሞ በኅዳር ይታጨዳል። በልግ ከቀረ ማሽላው አይዘራም። በልግ ዘንቦ ክረምት ከቀረ ደግሞ የቆመው አገዳ ፍሬ ሳይዝ ይደርቃል። ገበሬው በክረምቱ ጤፍ ወይም ሽምብራ ዘርቶ ሊያካክስ ይሞክራል፤ ሁለቱ ተከታትለው የቀሩበት ዓመት ግን የሚሞከር ነገር አይተርፍም።

በ1964 ክረምቱ ሰነፈ፤ በ1965 በልጉ ቀረ። ራያና ቆቦ፣ የጁ፣ አምባሰል፣ እንዲሁም በስተምሥራቅ ያለው የአውሳ አርብቶ አደር ከሁሉ ቀድመው ተጎዱ። ገና በኅዳር 1965 መጨረሻ ግድም ከወሎ ተነሥተው አዲስ አበባ የደረሱ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል እነሱን ለመርዳት ይሞክር ነበር። ያን ወሬ የሰማ መንግሥት ግን እርምጃ አልወሰደም። በቀጣዮቹ ወራት ገበሬው ወደ አስፋልቱ ወረደ። አውቶቡስና የቤት መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ጀመር። ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ፤ ወንዱ ሥራ ፍለጋ ወደ ጥጥ እርሻው፣ ወደ ሑመራ፣ ወደ ከተማው ወጥቶ ነበርና። አብዛኛው ወንድ ለሚስቱ የሚላት «እህል ይዤ እመለሳለሁ» ነው። የተመለሰም አለ፤ መንገድ የቀረውም ብዙ ነው።

ስለዚያ ረሃብ የጻፈው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ያሳየው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሰማይ አልነካም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው የተራበው መግዣ አጥቶ ነው። ማሳው ሲደርቅበት ከብቱን በርካሽ ሸጠ፤ ከብቱ ሲያልቅ የሚሸጠው አልቀረም። እህሉ የሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው።

በሚያዝያ 1965 ግድም መስፍን ወልደ ማርያምን ጨምሮ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው ለተማሪው አሳዩ። በነሐሴ በመጠለያዎቹ የተሰበሰበው ሰው 60 ሺህ ገደማ ደረሰ። በመጠለያ ውስጥ ረሃቡ የጀመረውን ተስቦና ተቅማጥ ይጨርሱት ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ፤ የሟቹ ቁጥር ግን ያኔ ከፍ ብሎ ነበር። 200 ሺህ የሚል ግምት አለ፤ በኋላ በጥንቃቄ ያሰሉ ሰዎች ከ40 እስከ 80 ሺህ ይላሉ። ደርግ ያንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየውና በማግስቱ ንጉሡን ከዙፋን አወረደ።

የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ላራሹ ታወጀ። ለሀብሩ ጭሰኛ ትልቅ ነገር ነበር። መሬቱ በገበሬ ማኅበር በኩል ሲከፋፈል የሚመዘገበው አባወራው ነው፤ ድርሻውም በቤተሰቡ ብዛት ይታያል። ይህን ልብ ይሏል፤ ከዚህ ወዲያ መንግሥት ሰውን የሚያየው በቤት ራስ በኩል ነውና። መሬት ሲሰጥ፣ ግብር ሲጠየቅ፣ እርዳታ ሲታደል ሁሉ «ስንት ቤተሰብ አለህ?» ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ወይዘሮ አበበች ጎበና የተባሉ የአዲስ አበባ ሴት ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። ግሸን በአምባሰል ያለ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ነው፤ በድሮ ዘመን የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩበት ነበር። ትውልዳቸው ሰላሌ ፍቼ አካባቢ የሆነው አበበች የያዙት ስንቅ ዳቦና ጸበል ነበር። በአካባቢው ድርቅ ገብቶ ሰው በመንገድ ዳር ወድቋል። ከወደቁት መካከል አንዲት ሴት ሞታ ሕፃኗ ጡቷን ይጠባል። አበበች ሕፃኑን አነሡ። ሌላም ልጅ ጨምረው ሁለቱን ይዘው ቤታቸው ገቡ። ዓመት ሳይሞላ በቤቱ 21 ልጆች ተሰበሰቡ። ባላቸው አልተስማሙም፤ ዘመድም አልደገፋቸውም። እሳቸው ትዳሩን ትተው ከልጆቹ ጋር በከተማው ዳር ወዳለች ጎጆ ወጡ። የተደላደለ ኑሮ አልነበረም። ጌጣቸውን ሸጡ፤ ቆሎና እንጀራ እየሸጡ ልጆቹን አበሉ። ከዚያች ጎጆ የተነሣው የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር እጅግ ብዙ ልጆችን አሳድጓል። ሰኔ 27 ቀን 2013 በኮቪድ ሲያርፉ እናት ብለው የቀበሯቸው፣ በሆዳቸው ያልተሸከሟቸው ልጆች ናቸው። እኔ እዚህ ቦታ ላይ የማነሣቸው ስማቸው ስለታወቀ ነው። እሳቸው ያደረጉትን በመርሳና በወልድያ መንገድ ላይ ያደረጉ፣ ስማቸውን ማንም ያልጻፈው ሰዎች ቀጥለው ይመጣሉ።

ከ1965ቱ ቀጥሎ ሁለተኛው ረሃብ ቀስ ብሎ መጣ። ከ1974 ጀምሮ ዝናቡ ይዛባ ነበር፤ በ1976 በልጉ ጠፋ፤ ክረምቱም አልዳነም። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽኑ ኮሚሽነር ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በመጋቢት 1976 ለጋሽ አገሮችን ሰብስቦ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ተናግሮ 450 ሺህ ቶን እህል ጠየቀ። ከተጠየቀው የመጣው ጥቂት ነው። በአገር ውስጥ ደግሞ መንግሥት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓልና ለፓርቲው ምሥረታ ይዘጋጅ ነበር። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነው፤ መንገዱ አንዳንዴ ክፍት አንዳንዴ ዝግ ነው። የሀብሩ ገበሬ መጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻ በሬውን ሸጠ። በሬ የሸጠ ገበሬ ዝናብ ቢመጣም አያርስም። ከዚያ ቤቱን ዘግቶ ወደ መንገዱ ወረደ።

የወረደበት መንገድ ያው የ1965ቱ አስፋልት ነው። ከላስታና ከዋግ የመጣው ደጋውን ወርዶ ወልድያ ይደርሳል፤ ብዙው ደግሞ ወደ ኮረም ያልፋል። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ከፍታዋ 2,500 ሜትር ያህል ነውና ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። በመከር ወራት በሜዳው ላይ 40 ሺህ ያህል ሰው ሰፍሮ ነበር፤ መጠለያ ያገኘው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው ጉድጓድ ቆፍሮ ወይም ድንጋይ ከብቦ ያድራል። ማይክል ቡርክና የኬንያው ካሜራማን መሐመድ አሚን ያዩትን ጥቅምት 13 ቀን 1977 ቢቢሲ ሲያሳየው ዓለም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አውሮፕላኑም፣ ስንዴውም፣ ሐምሌ 6 ቀን በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ትልቁ ኮንሰርትም ተከተሉ።

በመጠለያው ውስጥ ግን ቀኑን የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። እርዳታ የሚታደለው በካርድ ነው፤ ካርዱ የቤተሰቡን ብዛት ይናገራል። ልጅ ፋፋ የተባለውን የዱቄት አጥሚት ይጠጣል፤ ሕመም የጠናበት በየሰዓቱ በማንኪያ ይመገባል፤ የሚያበላው ሰው ከአጠገቡ ሊኖር ይገባል። ወላጅ የሌለው ሕፃን ይህን የሚያደርግለት አያገኝም፤ ስለዚህ በጎን ያለች ሴት ትይዘዋለች። የራሷ ልጅ ትናንት ሞቶባት ይሆናል። ሌሊት በአንድ ጋቢ ሥር ሦስትና አራት ሆኖ መተኛት ሕይወት ነበር፤ ከማን ጋር እንደምትተኛም ብርዱ ይወስናል። ሰውየው ለልጁ «አያ»፣ ሴትየዋ «እትዬ» ትሆናለች፤ ጥቂት ሰንብቶ «አባባ» እና «እማዬ» ይመጣል። ጠዋት ሬሳ ሲነሣም ከአጠገቡ ያደረው ሰው ሐዘንተኛ ሆኖ ይቀመጣል። ሐዘንተኛ የሌለው ሬሳ በወሎ ከረሃቡ የከፋ ነውር ነው።

በኅዳር 1977 መንግሥት ሰፈራ አወጀ። ዕቅዱ 300 ሺህ አባወራን፣ ማለት አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰውን፣ ከድርቁ አገር ወደ ምዕራቡ ማሻገር ነበር፤ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጎጃም መተከልና ጎንደር ቆላ። ጥር 1978 ላይ እስኪቆም ድረስ 600 ሺህ ያህል ሰው ተወሰደ፤ ከግማሽ በላዩ ከወሎ ነው። ወድዶ የሄደ አለ፤ ርቦት ሌላ ምርጫ ያጣም አለ። በገበያና በእርዳታ ሰልፍ ላይ ተይዞ የተጫነም አለ። በጭነት መኪና፣ በአውቶቡስ፣ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሄዱ። ባል በአንዱ መኪና፣ ሚስት በሌላው ተጭነው የተለያዩ አሉ፤ እናት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ልጇ የተወሰደባት አለች። የፈረንሳይ ሐኪሞች ማኅበር ሜድሳን ሳን ፍሮንቲየር ይህን በመቃወሙ በኅዳር 1978 ከአገር ተባረረ። እኔ የሰፈራውን ሐሳብ በጅምላ ክፉ ነበር አልልም፤ መሬቱ የደከመበት ሰው አዲስ መሬት ቢሰጠው ጥሩ ነበር። አፈጻጸሙ ግን ሰውን እንደ እቃ ቆጥሮ ነው ያጋዘው፤ ለዚህ ማስተባበያ አይገኝለትም።

ከወልድያና ከሀብሩ የተነሣው ሰው የደረሰበት ቦታ ከአገሩ ጋር የሚመሳሰልበት ነገር አልነበረውም። በወለጋ ቄለም አውራጃ ያለው ቀጦ ደን ነው፤ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በጎጃም መተከል ያለው ፓዌ በበለስ ሸለቆ ያለ ሞቃት ቆላ ነው። ሁለቱም የወባ አገር ናቸው። በፓዌ ደግሞ የቆላ ዝንብ የሚያመጣው የገንዲ በሽታ በሬውን ይጨርሰዋል። ቅርቡ የሚባለው ከተማ የብዙ ሰዓት መንገድ ነው፤ ወደ ወሎ ለመመለስ የሚያስብ መንገዱን አያውቀውም፤ ቢያውቀውም ቀበሌው ይጠብቀዋል። መንደሮቹ ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ መንደር አንድ፣ መንደር ሁለት እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። በፓዌ 48 መንደሮች ተቆርቁረው ከ80 ሺህ በላይ ሰው ሰፈረባቸው፤ ከወሎው ጋር የሸዋ፣ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የከምባታና የሀዲያ ሰውም ነበረበት። ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ነበር፤ ባዶ አልነበረም። የጉሙዝ ሕዝብ የሚያርሰውና የሚያድንበት መሬት ነው፤ ማንም ሳይጠይቀው ተወሰደበት። ከዚያ በኋላ በመተከል የፈሰሰውን ደም ስናወራ ከዚህ መጀመር አለብን።

በሰፈራው የተቆረቆረው መንደር 500 አባወራ እንዲይዝ የታሰበ ነበር። ጎጆው ለአባወራ ነው። የጓሮ መሬት ለአባወራ ነው። የጋራ እርሻው ምርት የሚታደለው በሥራ ነጥብ ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ደግሞ ቢታመም ነጥብ የሚይዝለት የለም፤ ውኃና ማገዶ የሚያመጣለት፣ እህል የሚፈጭለትም የለም። ሚስቱ የሞተችበትና ባሏ የቀረባት በብዛት ተጋቡ። አንዳንዱ ጋብቻ የተጀመረው በመጠለያው፣ አንዳንዱ በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ብዙው ጎጆ በሚከፋፈልበት ቀን ነው። ጥሎሽ የለም፤ ሽማግሌ የላከ አባት የለም፤ ሠርግ የለም። ወላጅ የሌለው ልጅ የሚቀርበው ሰው ስም ሥር ይመዘገባል። የየጁዋ ሴት የዋግ ሰው አገባች፤ የላስታው ልጅ የአምባሰል ሙስሊም ቤት አደገ። አንትሮፖሎጂስቱ አሉላ ፓንክረስት ቀጦ መንደር ሦስት ገብቶ ከሰፋሪዎቹ ጋር ኖሮ ታሪካቸውን በመጽሐፍ ጽፎታል፤ ስለ ሰፈራው ከተጻፉት ሁሉ የሰፋሪውን ድምፅ የምሰማበት እሱ ነው። ትዳሩ ይፈርስ እንደነበርም ይታያል፤ በችኩል የተጋባ በችኩል ይፋታል፤ ተፋትቶም ሌላ ያገባል። መንደሩ ሲረጋጋ የጸናው ጸና።

እንዴት ጸና ለሚለው እኔ የማየው ቅሬን ነው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው የወሎ ሰው የቀብር ማኅበር ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት በወባና በተቅማጥ ብዙ ሰው ሞቷል፤ ሬሳ ማንሣት ለካድሬው የሥራ ምድብ ነበር። ሰፋሪው ግን ቅሬውን እንደገና አቆመ፤ ማን መቃብር እንደሚቆፍር፣ ማን ውኃ እንደሚያመጣ፣ ማን ቡና እንደሚያፈላ ተካፈለ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ነው። እዚያ ሲደርስ ነው በወረቀት ላይ የነበረው ቤተሰብ የእውነት የሆነው፤ ሰው ሲሞት ከሬሳው ራስጌ የሚቀመጠው ማን ነው ሲባል፣ የደም ዘመዱ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ስለሚገኝ፣ በመጠለያው በአንድ ጋቢ ያደረው ሰው ተቀመጠ። መጽናኛውን የተቀበለ ሰው ዘመድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ውርሱም፣ ልጁን ማሳደጉም በእሱ ላይ ነው።

ሌላውም ተከተለ። ወዳጃ የሚባለው የሙስሊሙ የዱዓ ስብስብ፣ የክርስቲያኑ ማኅበርና ሰንበቴ ተመለሱ። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሆኖ ይጠጣ ጀመር፤ ወለጋ የቡና አገር ነውና ከወሎው ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። የሚከብደው እህሉ ነበር። የየጁ ሰው የለመደው የማሽላና የጤፍ እንጀራ ነው፤ አሁን የሚበላው በቆሎ ሆነ። ልጆች የተወለዱት በዚያ በቆሎ ላይ ነው፤ የመርሳን ገበያ በእናታቸው ወሬ ብቻ የሚያውቁ ልጆች።

በ1978 በፓዌ የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የሰጠበት የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ሥራውን የያዘው ሳሊኒ ነው። መንገድ፣ ሆስፒታል፣ ትራክተር መጣ። ሰፋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ጠገበ፤ የሚያርሰው ግን ትራክተሩ ነው፤ ትራክተሩ ሲቆም እንዴት እንደሚታረስ ያሰበ አልነበረም። ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ፕሮጀክቱም ቆመ።

ያኔ ሰፋሪው ተነሣ። ቀበሌው የሚጠብቅበት ዘመን አልፏል፤ ብዙ ሺህ ሰው በእግርም በመኪናም ወደ ወሎ አቀና። ፓዌ ከነዋሪዋ ከግማሽ በላዩን አጣች። ከወለጋም ብዙው ወጣ። ለአንዳንዱ ቤት ከ1977ቱ መለያየት ያልተናነሰ ቀን ነበር ይህ። በሀብሩ ሚስት ያለው ሰው በቀጦ ሌላ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት፤ ሚስቲቱ የዋግ ሰው ናት፤ የምትመለሰው ወደ ሰቆጣ ነው። ልጆቹ ከማን ጋር ይሂዱ? ወላጁን አጥቶ በሌላ ሰው ስም ያደገው ጎረምሳ ከአሳዳጊው ጋር ይሂድ ወይስ የደም ዘመዱን ፍለጋ? የተመለሱት ደግሞ መርሳ ሲደርሱ መሬታቸው በሌላ ሰው እጅ ነው፤ የድሮ ሚስት ሌላ አግብታለች። መሬት ለመጠየቅ እንደገና በገበሬ ማኅበር ፊት ቆመው «ስንት ቤተሰብ አለህ?» ተባሉ። በወለጋና በፓዌ መቅረትን የመረጡም ነበሩ፤ ቤታቸው ያ ነበር፤ ሙታናቸውንም እዚያ ቀብረዋል።

ሀብሩ ከዚያ ወዲህ ድርቅ አልተለያትም፤ ብዙ ሰው የገደለ ረሃብ ግን አላየችም። ከ1997 ጀምሮ የምርታማ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በወረዳው ገባ፤ ሰው ጥሪቱን ሳይሸጥ በሥራ ቀለብ ያገኛል። በቆቦና በጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ወጥቶ መስኖ ተዘረጋ፤ ከመርሳና ከጊራና የሚወጣ ፍራፍሬና ሽንኩርት ከተማ ይገባል። በ2008 ኤል ኒኞ ባመጣው ድርቅ በመላ አገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ሲፈልግ፣ የ1977 ዓይነት እልቂት አልሆነም። እህሉ በጊዜ ደረሰ፤ ሰው ቤቱን ዘግቶ አልወጣም። ድርቅ ረሃብ እንዲሆን ዝናብ መቅረቱ ብቻ አይበቃም ማለት በዚያ ዓመት ታየ።

በወለጋ የቀሩት ግን ሠላሳ ዓመት አልፎ ሌላ መከራ ጠበቃቸው። በማንነታቸው መገደልና መፈናቀል መጣ። ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማሮች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ በሰፈራው ከወሎ የሄዱ ቤተሰቦች ነበሩ። በእነዚያው ዓመታት ከወለጋ የተፈናቀለው ሰው ወደ አማራ ክልል ሲጎርፍ ከቆሙት መጠለያዎች አንዱ በሀብሩ ወረዳ ያለው ጃራ ነው። አያቶቻቸው በ1977 ቤት ዘግተው ትተውት በሄዱት አገር የልጅ ልጆቹ ድንኳን ገቡ። ሰሜኑ ራሱ ከጦርነት ገና አልወጣም ነበር፤ ወልድያና መርሳ በ2013 እና በ2014 ጦር ያለፈባቸው ከተሞች ናቸው። በጃራ የእርዳታ ስንዴው ይዘገያል፤ ድንኳኑ በዝናብና በፀሐይ ያልቃል፤ ምዝገባው በቤተሰብ ነው። ከተመዘገቡት ውስጥ በሀብሩ ዘመድ አለኝ ብሎ የሄደና ያገኘም አለ። ያላገኘው በጃራ ከጎኑ ካለው ድንኳን ሰው ጋር ቅሬ ገብቷል። መሬት ግን ማንም አልሰጣቸውም፤ የወለጋው ማሳም እጃቸው ላይ የለም።